ኢቮ፣ ስኮዳ ወይስ ትንሿ ፊስታ? ለኬንያ ራሊ ሻምፒዮና የትኛው መኪና ያዋጣል

የኬንያን ብሔራዊ ራሊ ሻምፒዮና የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ ክርክሩ የታወቀ ነው። አንዱ «ኢቮን (ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንን) የሚያህል የለም» ይላል። ሌላው «ኢቮ ጊዜው አልፎበታል፣ አሁን ዘመኑ የራሊ2 ነው» ብሎ ይመልሳል። ራሊ2 ማለት እንደ ስኮዳ ፋቢያ ያሉ፣ ከመነሻው ለራሊ የተሠሩ መኪኖች ክፍል ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ፍጥነት ብቻ ከታየ ነገሩ አልቋል፣ ራሊ2 ይቀድማል። ሻምፒዮና ግን የሚበላው በነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ያለው ለጨረሰ ነው። ያን ሁሉ ድንጋይና አቧራ አልፎ መጨረስ ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ ኪሳችሁንና ሜካኒካችሁን ይጠይቃል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ዋንጫ የሚያሳድድ ራሊ2 ይያዝ። ገና የሚማር ከራሊ3፣ ማለትም ጉልበቱ አነስ ካለው ክፍል፣ ይጀምር። ኢቮን የሚገዛ ደግሞ ኢቮን አፍርሶ መግጠም የሚችል ሜካኒክ አጠገቡ ያለው ሰው ብቻ ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መንገዱ

ናይቫሻ፣ ናኩሩ፣ ኤልዶሬት፣ ማቻኮስ፤ የዙሩ ስም ይቀያየራል እንጂ መንገዱ ያው አፈር ነው። አፈሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቦታ ቀዩ አፈር ጠንካራና የተስተካከለ ስለሆነ መኪናው እንደ ልቡ ይሮጣል። ናይቫሻ ሲደረስ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ያለው የስምጥ ሸለቆ አመድ የመሰለ ደቃቅ አፈር ነው፤ ራሊ ላይ «ፌሽ ፌሽ» ይሉታል። በኛም የስምጥ ሸለቆ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በበጋ የነዳ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ከላይ ሲታይ ሜዳ ነው፤ ጎማው ሲገባበት ይዋጣል፣ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ይጠብቃል።

የፊተኞቹ መኪኖች ቦዩን ቆፍረው ያልፋሉ፣ ከኋላ ያለው በዚያው ቦይ ይገባል። የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ከተመለሰ ወዲህ የኬንያ ሾፌሮች ይህን በደንብ ቀምሰዋል፤ የሚነሱት ከዓለም ኮከቦቹ ኋላ ነውና። ስለዚህ መኪና ስታወዳድሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» መሆን የለበትም። ሆዱ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? አሞርዛተሩ ምን ያህል ይዘረጋል? አየር የሚስብበት ቦታ አቧራና ውሃ እንዳያስገባ ከፍ ብሏል ወይ? አቧራ የበላ ቱርቦ ይቅርታ አያውቅም።

አሞርዛተሩን አትናቁ። በ2021 ሳፋሪ ቴሪ ኑቪል በሃዩንዳይ የፋብሪካ መኪና ሲመራ ቆይቶ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ሎልዲያ በሚባለው ስቴጅ (በሰዓት የሚለካ የውድድር መንገድ) የኋላ አሞርዛተሩ ተሰብሮ ውድድሩን አቋረጠ። ከኋላው ያን የሚያህል ፋብሪካ፣ ያን የሚያህል መሐንዲስ እያለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ናይቫሻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኤልዶሬት ደግሞ 2,100 ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። ባለ 1 ሊትር ቪትዝ እንጦጦን ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። «ቱርቦ ያለው ግን አይነካውም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይነካዋል! የራሊ መኪና ቱርቦ አየር የሚስበው በሕግ በተወሰነች ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ሪስትሪክተር ይሏታል። አየሩ ሲሳሳ በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው አየር በክብደት ያንሳል። በዚህ ምክንያት ካታሎግ ላይ የተጻፈው ፈረስ ጉልበት ከፍታ ላይ ሙሉውን አይገኝም፤ በተለይ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ።

ይህንን ነጥብ ያዙት፣ ኢቮ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ኢቮና ሱባሩ፦ የድሮዎቹ ጌቶች

ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንና ሱባሩ ኢምፕሬዛ በግሩፕ ኤን (የመንገድ መኪና ጥቂት ተለውጦ የሚወዳደርበት ክፍል) ዘመን የምሥራቅ አፍሪካን ራሊ የተቆጣጠሩ መኪኖች ናቸው። ሁለቱም ባለ 2 ሊትር ቱርቦ፣ ሁለቱም ፎር ዊል። ሁለቱም መነሻቸው ከሱቅ የሚገዛ የመንገድ መኪና ነው። ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም እዚሁ ላይ ነው።

ጥንካሬውን እንይ። ሊትሩ ትልቅ ስለሆነ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት አለው። ቅድም ያልናት ቀዳዳ ችግር የምትሆነው ሞተሩ ብዙ አየር ሲጠይቅ ነው። በፌሽ ፌሽ ውስጥ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፈራገጡ ሲወጡ ግን ሞተሩ እዚያ ደረጃ አልደረሰም፤ እና ባለ 2 ሊትሩ ኢቮ ጎተት አድርጎ ያወጣችኋል። ትንሹ ሞተር ዙሩን ጠብቆ መያዝ አለበት፣ አንዴ ከወደቀበት እስኪያገግም ሰከንዶች ይበላሉ።

ሌላው መለዋወጫ ነው። ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድና ግሮጋን ማለት የኛ ሶማሌ ተራ ማለት ነው። በር፣ መብራት፣ ራዲያተር፣ ኮፈን፣ ሲፈልጉም ሙሉ ሞተር ያገለገለውን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ኬንያ በግራ በኩል የሚነዳባት፣ መሪያቸው በቀኝ የሆኑ የጃፓን መኪኖች የሞሉባት አገር ስለሆነች የጃፓን ዕቃ እዚያ ባዳ አይደለም። ሜካኒኩም እጁ ለምዶታል።

ድክመቱ ክብደት ነው። ኢቮ 10 ከፋብሪካ ሲወጣ 1,500 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ተራቁቶ፣ የብረት ፍሬም ገብቶለት፣ ለራሊ ሲዘጋጅም ከራሊ2 በመቶ ኪሎ በላይ ይበልጣል። ይህ ክብደት ፍሬን ላይ ይታያል፣ ጎማ ላይ ይታያል፣ ከዝላይ ሲያርፍ ደግሞ ይሰማል። ከእግሩ በኩልም ፋብሪካው ለመንገድ የሠራው ስለሆነ የአሞርዛተሩ መዘርጋት የተወሰነ ነው። የተቦረቦረ መንገድ ላይ ራሊ2 ጋዝ ሳይለቅ ያልፋል፣ ኢቮ ግን ሾፌሩ እግሩን እንዲያነሳ ያስገድደዋል። ልዩነቱ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው፤ ቀጥታ መንገድ ላይማ እስከዚህም አይራራቁም።

ከሁለቱ የቱ? እኔ ኢቮ እላለሁ። የሱባሩ ቦክሰር ሞተር ፒስቶኖቹ ግራና ቀኝ ስለተኙ ክብደቱ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ነው፣ መኪናው ኩርባ ላይ ደስ ይላል፣ ድምፁንም ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ሁለት ቴስታታ አለው ማለት ነው፣ ሁለቱም በጎን በኩል የተሸጎጡ። የቴስታታ ጋርኒሲዮን ከተቃጠለ በሰርቪስ (ለጥገና በተፈቀደው) ሰዓት ውስጥ ቀይሬ እቀጥላለሁ ማለት ዘበት ነው። የኢቮ ሞተር ግን ቁሞ የተሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነ ከላይ በቀላሉ ይደረስበታል።

ኢቮ ያረጀ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትስቁበት። በ2018 ካርል ቱንዶ፣ በ2019 ባልዴቭ ቻገር ሳፋሪን ያሸነፉት በኢቮ 10 ነው። ያውም የራሊ2 መኪኖች አገር ውስጥ ገብተው እያለ። ያ ግን ሳፋሪ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከመመለሱ በፊት ነው። ኢቮ መመረት ያቆመው በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኘው ዕቃ በየዓመቱ እያረጀና እየተመናመነ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም።

ራሊ2፦ ፈጣኑ ክፍል

ራሊ2 ድሮ አር5 ይባል የነበረው ነው። በ2013 ፎርድ ፊስታ ጀመረው፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፦ 1.6 ሊትር ቱርቦ፣ 32 ሚሊ ሜትር ሪስትሪክተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ሴኩዌንሻል (ማርሹ በተራ ብቻ የሚገባ) ካምቢዮ፣ ፎር ዊል፣ ዝቅተኛው ክብደት 1,230 ኪሎ። ጉልበቱ 290 ፈረስ አካባቢ ነው። መሃል ላይ ዲፈረንሻል የለውም፣ የፊትና የኋላው ብቻ ነው ያለው።

ከኢቮ የመጣ ሾፌር መጀመሪያ ላይ የሚቸገረው በዚህ ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ተያይዘው ስለሚዞሩ መኪናው በመሪ ብቻ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ቀድሞ ፍሬን ይዞ፣ አፍንጫውን አስገብቶ፣ ከዚያ ጋዝ መስጠት ነው። ዘግይቶ ገብቶ በኃይል አወጣዋለሁ ያለ ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ያድራል።

ትልቁ ጥቅሙ ከመነሻው ለራሊ ተብሎ መሠራቱ ነው። አሞርዛተሩ ረጅም ነው፣ አራቱም ጎማ ጋ ያለው አሠራር ተመሳሳይ ነው፣ ዕቃው በፍጥነት እንዲፈታና እንዲገጠም ሆኖ ተቀርጿል። ሜካኒኮቹ ከሥር ተኝተው ካምቢዮ ሲያወርዱ ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። የሚደረስባቸው ብሎኖች ናቸው፣ መንገድ የሚዘጋ ምንም ነገር የለም፣ አንዱ ሲፈታ ሌላው አዲሱን ይዞ ይጠብቃል። ኢቮ ላይ ያው ሥራ ትግል ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ የ2021ን ሳፋሪ ውጤት ተመልከቱ። ኦንካር ራይ በቮልስዋገን ፖሎ 7ኛ፣ ካራን ፓቴል በፊስታ 8ኛ፣ ካርል ቱንዶ በፖሎ 9ኛ ወጡ። ሦስቱም ኬንያውያን፣ ሦስቱም በዚህ ክፍል መኪና። 10ኛው ማን መሰላችሁ? ኤልፊን ኢቫንስ፣ ያውም የቶዮታን የፋብሪካ መኪና ይዞ! ኢቫንስ በመጀመሪያዎቹ ስቴጆች መኪናውን ጎድቶ ቆመ፣ ተጠግኖለት ተመልሶ ገባ፣ ግን አልደረሰባቸውም። እነዚህ ልጆች ከኢቫንስ ፈጥነው አይደለም የቀደሙት፤ መኪናቸውን ሳይሰብሩ አመጡ።

እሺ፣ ከራሊ2ዎቹ መሃል የቱ?

ስኮዳ ፋቢያ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በ2015 አር5፣ በ2019 ራሊ2 ኢቮ፣ በ2022 አርኤስ ራሊ2 እየተባለ በሦስት ትውልድ ወጥቷል። (ስኮዳም «ኢቮ» የሚል ስም ስላወጣ ክርክር ላይ የትኛውን ኢቮ እንደምታወሩ ቀድማችሁ ተስማሙ።) ኬንያዊው ማንቪር ባርያን ከ2017 እስከ 2019 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው በፋቢያ ነው። በ2022ና በ2023 ሳፋሪ ላይ የደብሊውአርሲ2ን (በዓለም ሻምፒዮናው ውስጥ የራሊ2 መኪኖች የሚፎካከሩበትን) ክፍል ያሸነፈው ፖላንዳዊው ካዬታን ካዬታኖቪችም በፋቢያ ነበር የመጣው። የፋቢያ ጥሩነት እዚህ ላይ ነው፦ በጣም ብዙ ስለተሸጠ ያገለገለ መኪና፣ ያገለገለ ዕቃ፣ ችግሩን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገኛል። አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ በእርግጠኝነት ከእናንተ በፊት የተበላሸበት ሰው አለ።

ቮልስዋገን ፖሎ በ2018 የመጣ ነው፤ ከስኮዳ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሲነዳ ጠንካራና የማያስደነግጥ ነው ይሉታል፣ የ2021 ውጤቱም ይመሰክርለታል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቮልስዋገን የሞተር ስፖርት ክፍሉን ስለዘጋ ፖሎ ከዚያ ወዲህ አልታደሰም። በርካሽ ካገኛችሁትና ከብዙ ዕቃ ጋር ከመጣ ጥሩ ግዢ ነው። ባዶውን መኪና ብቻ ከሆነ ግን እለፉት።

ፎርድ ፊስታ የክፍሉ ታላቅ ነው፣ የድሮው አር5 በዋጋ ከሁሉም ይቀላል። ካራን ፓቴል በ2022ና በ2023 የአፍሪካ ሻምፒዮን ሲሆን ፊስታ ትልቁን ድርሻ ይዟል። የድሮውን ከአዲሱ ለዩ፤ የ2019ኙ ትውልድ ሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል። ሃዩንዳይ i20 ና ሲትሮኤን C3 ፈጣን ናቸው፣ ምንም አይወጣላቸውም። ሆኖም እዚህ አካባቢ ዕቃ የምትበደሩት ጎረቤት ስለማታገኙ ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

ቶዮታ ጂአር ያሪስ ራሊ2 ደግሞ በ2024 የገባ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። የኛ ሰው ቶዮታ ሲባል ልቡ ይቀልጣል፣ «ዕቃው በየሱቁ አለ» ይላል። የለም ወዳጄ! ያቺ መኪና ከሰፈር ያሪስ ጋር የምትጋራው ስምና መልክ ነው ማለት ይቀላል፤ የውድድር ዕቃዋ የሚታዘዘው ፊንላንድ ካለው የቶዮታ ራሊ ቡድን ነው። አዲስና ጎበዝ መኪና ናት፣ ገንዘብ ያለው ይግዛት፣ ግን ለመለዋወጫ ብሎ አይግዛት።

ራሊ3፦ ሰው የሚንቃት ትንሿ ፊስታ

በ2021 የወጣችው ፎርድ ፊስታ ራሊ3 የተሠራችው የፎርድን የራሊ መኪኖች የሚሠራው ኤም ስፖርት ፖላንድ ባለው ፋብሪካው ነው። 1.5 ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ 30 ሚሊ ሜትር ሪስትሪክተር፣ ዝቅተኛው ክብደት 1,210 ኪሎ። ስትወጣ 215 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነበራት። ከራሊ2 ጋር ሲነጻጸር ሰባ ፈረስ ያህል ይጎድላታል ማለት ነው፣ ክብደቷ ግን ያው ነው። ዳገት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፣ ከፍታውም አያግዛትም።

ታዲያ ለምን እመክራታለሁ? ፎር ዊል ነች፣ ካምቢዮዋ ሴኩዌንሻል ነው፣ አነዳዷ የራሊ2 ታናሽ እህት ነው። ጉልበቷ አነስተኛ ስለሆነ ጥፋታችሁን አትሸፍንላችሁም። ኩርባ ላይ ፍጥነት ከጣላችሁ መልሳችሁ የምታገኙት የለም፤ ስለዚህ መስመር መያዝ ትማራላችሁ። ደግሞም ወደ ግድግዳው የምትሄዱበት ፍጥነት ራሱ ይቀንሳል።

ኬንያ ወጣቶቿን ስታሳድግ የመረጠችውም እሷን ነው። ማክሬ ኪማቲ፣ ሃምዛ አንዋርና ጄረሚ ዋሆሜ በዚህች መኪና ነው ወደ ዓለም መድረክ የወጡት፤ ኪማቲ በ2022 ስዊድን በረዶ ላይ ሳይቀር ነድቷታል። በዚያው ዓመት ሳፋሪ ላይ ማክሲን ዋሆሜ በፊስታ ራሊ3 የደብሊውአርሲ3ን (የራሊ3 መኪኖችን) ክፍል አሸንፋ በዚያ ደረጃ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያን ሳምንት ብዙ ጉልበተኛ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ቀርቷል።

ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ በሚያዞርባቸው መኪኖች ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ ፔዦ 208 ራሊ4 ያሉት 1,080 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ ቀላል፣ በፊት ጎማ የሚጎተቱ መኪኖች ናቸው። አስፋልት ላይ ድንቅ ናቸው። ለናይቫሻ አሸዋ ግን አልመክርም፤ ጥልቅ ቦይ ውስጥ የፊት ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር መጨረሻው ተጎትቶ መውጣት ነው። ማቻኮስ አካባቢ በአነስተኛ ወጪ ልሞክር ላለ ሰው ግን አይከፋም።

ገንዘቡ

አዲስ ራሊ2 ያለ ግብር ከ200,000 ዩሮ በላይ ነው። ራሊ3 ስትወጣ 100,000 ዩሮ አካባቢ ነበረች። ኢቮ የሚገኘው ያገለገለው ብቻ ስለሆነ ዋጋው እንደ አያያዙና እንደ ሻጩ ጭንቀት ነው፣ ግን ከሁለቱም በጣም ያንሳል።

ሰው የሚሳሳተው የግዢውን ዋጋ ብቻ አይቶ ነው። ራሊ2 እና ራሊ3 ሞተሩም ካምቢዮውም በኪሎ ሜትር የተመደበ የሰርቪስ ጊዜ አላቸው። ባይበላሽም ሰዓቱ ሲደርስ ይፈታል፣ ዕቃው ይቀየራል፣ ያ ሁሉ በዩሮ ነው የሚከፈለው። ኢቮ እስኪሰበር ይነዳል፣ ሲሰበር ደግሞ በሽልንግ ይጠገናል። ይህን ሂሳብ በወረቀት ላይ አውርዱት። ለአንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ሁለት ትርፍ የአሞርዛተር ስብስብ፣ አንድ ትርፍ ካምቢዮ፣ ከበቂ በላይ ጎማና ቸርኬ መያዝ ካልቻላችሁ ራሊ2 አትግዙ፣ ተከራዩ። ተከራይቶ ሦስት ዙር መጨረስ ገዝቶ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጋራዥ ከማስቀመጥ ይሻላል። ኪራይ ስትዋዋሉም አደጋ ቢደርስ ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን።

ስኮርታ ላይም አትቆጥቡ። ሁለት ስኮርታ መጫን ክብደት ይጨምራል ብለው በአንድ የሚሄዱ አሉ። ኤልዶሬት ላይ ያስኬዳል። ናይቫሻ ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኬዶንግ ስቴጅ ውስጥ ሁለቴ ከፈነዳባችሁ ግን ሳምንቱ እዚያው ያበቃል።

ያገለገለ ስትገዙ

በመጀመሪያ የመኪናውን እውቅና ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለአንድ የመኪና ዓይነት የሚሰጠው እውቅና ጊዜ አለው፣ ያልቃል። ለአገር ውስጥ ዙር የሚፈቀድ መኪና ሳፋሪ ላይ ከዓለም ሻምፒዮናው ዝርዝር ላይገባ ይችላል። ኢቮ የሚገዛ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ እንዳይቆጥር፤ የወቅቱን ሕግ ከኬንያ ሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ማረጋገጥ ነው።

ከዚያ ከሥር ግቡ። ሆዱን የሚከላከለውን ሰሌዳ አስፈትታችሁ እዩ፤ ሰሌዳው አዲስ ሆኖ ከላዩ ያለው ብረት ከተቀጠቀጠ ቀለሙን ለእናንተ ብለው ነው የቀቡት። የአሞርዛተሩ መያዣ አካባቢ አዲስ ብየዳ ካለ ለምን እንደተበየደ ይነገራችሁ። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፍታችሁ በማጣሪያው ወዲያኛው በኩል፣ ማለትም ወደ ቱርቦው በሚሄደው ጎን፣ ጣታችሁን አስገብታችሁ ጥረጉ። አቧራ ይዞ ከወጣ የሞተሩን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሱ።

በመጨረሻም የሞተሩና የካምቢዮው የኪሎ ሜትር መዝገብ ይቅረብ፦ መቼ ተፈታ፣ ማን ፈታው፣ ምን ተቀየረ። ኢቮ ከሆነ መዝገብ ላይኖር ይችላል፣ ሜካኒካችሁ ሰምቶና ነድቶ ይፈርዳል። ራሊ2 ያለ መዝገብ የሚሸጥላችሁ ሰው ግን ዋጋውን በግማሽ ቢያወርድም አትግዙት።